የጠለለው ጠብታ

የእትዬ ኩልልን ትክክለኛ ስም የሰፈሩ ሰው ግማሹ አያውቀውም፤ የሚያውቀውም ረስቶታል። ስሙን ያወጣላት ዘይቷ ነው። ከእሷ ዘይት ቤት የወጣ ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ በወዲያ በኩል ጋዜጣ ያስነብባል፤ እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሱቄ ከእነሱ በር ፊት ለፊት ነው፤ ወሬ ከፀጉር ጋር አብሮ ይወርድልኛል። ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ግማሹን ደግሞ ወንበሬ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሳልጠይቃቸው ነግረውኛል።

እዚያ ቤት የገባችው ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ሰሊጥ ልታበጥር ተቀጥራ ነው። ያኔ የመጭመቂያው ባለቤት ኋላ አማቷ የሆነው ሽማግሌ ነበር። ሰውየው ችኩል ነው። ዘይቱ ከማሽኑ እንደወጣ ትኩሱን፣ ድፍርሱን፣ ከነዝቃጩ ቀድቶ ይሸጥ ነበር። እሷ አንድ ቀን አንዱን በርሜል ጥግ አስገብታ በጨርቅ ሸፈነችና ማንም እንዳይነካው ከለከለች። ሽማግሌው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ የቤቱ አዛዥ ማን እንደሆነ ጠየቀ። እሷ የመለሰችለት አንድ ቃል ነው፤ "ይተኛ" አለችው። በርሜሉ ሲከፈት ዝቃጩ ሁሉ ከታች ረግቶ ከላይ ያለው ጠልሎ ወርቅ መስሏል። ሽማግሌው በጣቱ ነክቶ ቀመሰ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ብዙም ሳይቆይ ለልጁ አጫት። ልጁን ወዳ ይሁን በርሜሉን ወዳ ያገባችው እግዜር ይወቅ እያልን እንቀልድባታለን። እሷም "በርሜሉ እንኳ አንዳንዴ ድምፅ ያሰማል" ትላለች።

ቀልዱ ያለ ነገር አይደለም። ባሏን ጋሼ ዝምታ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስሙም ጸደቀለት። ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ፂሙን ስላጨው ከ"እንዴት አደርክ" እስከ "እግዜር ይስጥልኝ" ባለው መሃል አንዲት ቃል አይተነፍስም። ግራ ዓይኑ በልጅነቱ በጨዋታ ላይ በእንጨት ተወግቶ ጠፍቷል። ቢሆንም በአንዲቱ ቀኝ ዓይኑ የማሽኑን እያንዳንዱን ብሎን ያውቅ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ሲቀየር ከእኔ ሱቅ ሆኖ ይሰማና ግማሽ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ መንገዱን አቋርጦ ይሮጣል። አንድ ልማድ ነበረው። ጠዋት በርሜል ሲከፈት ከላዩ በብርጭቆ ይቀዳና መስኮቱ ጋ ሄዶ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ በዚያች ዓይኑ ያየዋል። "ኩልል ብሏል" ይላል። ትዳር ከያዙ ጀምሮ ለሚስቱ የሚሰጣት ምስጋና ይኸው ነው። እሷም ሌላ የፈለገች አትመስልም፤ ያቺን ቃል ሳትሰማ ግን አንድ ጠርሙስ አትሸጥም።

በዚያ ቤት ሁሉም ነገር ይተኛ ነበር። ሁለት ደንበኛ ቢጣላ "ይተኛና ነገ ተነጋገሩ" ትላለች። እኔ ከባለቤቴ ጋር ዱላ ቀረሽ ጠብ ውስጥ በገባሁ ጊዜም መጥታ ያለችኝ እሱኑ ነው፤ ነገሩ ተኛ፣ ጠለለ፣ እኔም ጥፋቴን ከታች አየሁት። ልጅ አልወለዱም። እሱንም ሐዘን አንድ ጊዜ አልቅሳ አስተኝታዋለች፤ ሁለተኛ ስታነሳው የሰማ የለም።

ጣጣው የመጣው አዲስ የሰሊጥ ጆንያዎች በገቡ ሰሞን ነው። ጋሼ ዝምታ ሰሊጡን ሲያበጥር ነፋስ ዞረና የገለባ ስባሪ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። በእጅጌው አሸት አሸት አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። በማግስቱ ዓይኑ ቀላ፤ መድኃኒት ቤት ሄዶ የቅላት ጠብታ ገዛ። ጠብታው ለጥቂት ቀን ቅላቱን አጠፋለት፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነና ከዚያ በኋላ ነው ሕመሙ የተነሳው። የዓይኑ ጥቁር መሃል ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ብርሃን ሲያይ እንባው ይወርዳል። እኔ ጋ መጥቶ ሲቀመጥ በመስታወቱ አየሁትና ምላጬን አስቀምጬ "ጋሼ፣ ይሄ የመድኃኒት ቤት ነገር አይደለም" አልኩት። እሱም አላንገራገረም፤ እሱ ሳያንገራግር ሲቀር ደግሞ ሕመሙ ብሶበታል ማለት ነው።

የዓይን ሆስፒታሉ ዶክተር ወጣት ሴት ናት። ከዓይኑ ላይ በቀስታ ፍቃ ወስዳ በማጉያ መነጽር አየችና፣ ዓይኑን በሸፈነው መስታወት መሳይ ነገር ላይ ፈንገስ እንዳለ ነገረቻቸው። ገለባው ይዞት የገባ ሻጋታ ነው አለች። እትዬ ኩልል ይሄን ስትሰማ ከሕመሙ ይልቅ ስድቡ ተሰማት። እኔ ቤት ሻጋታ የለም፣ በርሜሎቼን በፈላ ውሃ ነው የማጥበው ብላ ተከራከረች። ዶክተሯም የቤቱ ጥፋት እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዳቻት።

ተራ ሲጠብቁ አጠገባቸው አንድ አናጢ ተቀምጦ ነበር። የእሱም ዓይን ያው በሽታ ይዞት እየተሻለው ነው። የተሰጠውን ብልቃጥ ከኪሱ አውጥቶ አሳያት፤ ውስጡ ያለው ጠብታ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ለባሏ የታዘዘው ግን ነጭ፣ ወተት መሳይ፣ ድፍርስ ሆኖ አገኘችው። ያን ጊዜ ልቧ ተጠራጠረ። ወደ ዶክተሯ ተመልሳ ያን ጥሩውን ለምን አይሰጡንም ብላ ጠየቀች። ዶክተሯ ሁለቱም መድኃኒት እንደሆኑ፣ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ተነጻጽረው እንደታዩ፣ ፈንገስም ዓይነት ዓይነት እንዳለው፣ ባሏን ለያዘው ዓይነት ነጩ እንደሚበልጥ ነገረቻት። እትዬ ኩልል ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ድፍርስ ነገር ከጠራ እንደሚበልጥ የነገራት ሰው አልነበረምና በልቧ አልተቀበለችውም።

መድኃኒቱን በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት የተቀበለው እሱ ነው። እሷ ያን ጊዜ ከአናጢው ጋር እያወራች ነበር። በመስኮቱ ያለችው ልጅ በየሰዓቱ እንዲደረግለት፣ ከመደረጉ በፊትም ብልቃጡ በደንብ እንዲነቀነቅ ነገረችው። ዓይኑ እየጠዘጠዘው ነው፤ በእጁ ሸፍኖታል፤ ሰማ። መንገድ ላይ ሚስቱ እንዴት ነው የሚደረገው ስትለው "በየሰዓቱ" አለ። ዝምታው እዚያ ላይ አቆመው። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ እነሱ አያነቡትም፣ እኔም አላነበውም።

ቤት ሲደርሱ እትዬ ኩልል የምታውቀውን አደረገች። ብልቃጡን የጠሩ የዘይት ናሙናዎች የሚቀመጡበት መደርደሪያ ላይ አቆመችው። ማንም እንዳይነካው ከለከለች። "ይተኛ" አለች። ነጩ ቀስ እያለ ወረደ፣ ከታች እንደ ሊጥ ረጋ፣ ከላይ ያለው ጠለለ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ቀቅላ፣ የብልቃጡን አፍ ነቅላ፣ ከበርሜል እንደምትቀዳው ከላይ ከላዩ ብቻ ስባ፣ ባሏን ጋደም አድርጋ አንድ ጠብታ ጣል አደረገችለት። ሆስፒታል ሲያደርጉለት እንደ እሳት አቃጥሎት፣ ነጩ ሽፋሽፍቱ ላይ ጋግሮ ነበር። የእሷ ጠብታ አላቃጠለም። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚተኛው፤ ብልቃጡን አንድ ቀን አላየውም። ጠብታው ቀዝቀዝ ሲለው "እፎይ" አለ። እሷ ደስ አላት። መንገዱን ተሻግራ መጥታ ነገረችኝ፤ የሚያቃጥለው አተላው ነበር፣ አስተኝቼ አጠለልኩለት አለችኝ፤ እኔም የሰፈሩ ባለሙያ ሁሉ ከአንቺ ይማር ብዬ አሞገስኳት። ምን አውቄ።

ሥራዋን ትታ ነው ያስታመመችው። ሰዓት ሳታዛባ፣ እንቅልፍ ሳታይ፣ ደንበኛ በር ላይ አስቁማ። እንደዚያ ዓይነት ትጋት በሕይወቴ አላየሁም። ዓይኑ ግን ከቀን ወደ ቀን ነጣ፤ ነጠብጣቡ ሰፋ፤ የጣቶቿን ቁጥር መለየት አቃተው። ወደ ሐኪም ሲመለሱ ደጋፊ ስላስፈለገው ሱቄን ዘግቼ ክንዱን ይዤው ሄድኩ። ክንዱን እኔ ያዝኩ እንጂ እሷ ትርፍ እጅ አልነበራትም፤ ብልቃጡን እንዳይናወጥባት በጥጥ ጠቅልላ በቆርቆሮ አቁማ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ በሁለት መዳፏ ከፍ አድርጋ ይዛው ነበር። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሹፌሩን ትገላምጠዋለች።

ዶክተሯ ዓይኑን አይታ ፊቷ ተለወጠ። እንዴት እንደሚደረግለት ጠየቀች። እትዬ ኩልል ቆርቆሮውን ከፍታ ብልቃጡን በኩራት ሰጠቻት። ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ጋሼ ዝምታ ጠዋት ጠዋት ዘይቱን ሲያይ እንደሚያደርገው ነው ያደረገችው። ከታች ነጩ ሳይነካ ወፍሮ ተኝቷል፤ ከላይ ያለው ውሃ ብቻ ጎድሏል። ዶክተሯ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ለእትዬ ኩልል ወረቀት ጻፈችላትና አዲስ ብልቃጥ ከመስኮቱ ተቀብላ እንድትመጣ ላከቻት። በሩ እንደተዘጋ ወደ እሱ ዞረች።

"አባቴ፣ ይሄ መድኃኒት ተነቅንቆ እንደሚደረግ አልተነገርዎትም?"

 የጋሼ ዝምታ ክንድ በእጄ ውስጥ ነበር፤ ሲከብደኝ ተሰማኝ።

"ተነግሮኛል" አለ። "ለኔ ነው የተነገረኝ።"

ዶክተሯ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ነገረችው። ነጩ ነገር ቆሻሻ ሳይሆን መድኃኒቱ ራሱ ነው። በውሃ ስለማይሟሟ ዝም ሲሉት ከታች ይረጋል፤ ሲነቀነቅ ነው ከውሃው ጋር ወደ ዓይን የሚገባው። ከላይ ያለው ውሃ ነው ለማለት ምንም አይቀረውም። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማ። ይድናል ወይ ብሎ ጠየቀ። እዚህ ሆስፒታል አስተኝተን እንሞክራለን፣ ግን ወደ ውስጥ ዘልቋል፣ ላታልልዎት አልፈልግም አለችው። ከዚያ ሰውዬው እስከ ዛሬ ሲናገር ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙን ንግግር ተናገረ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለሷ አትንገሪያት። ያልነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ዓይኑን ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነው ብላ ከምትኖር፣ እኔ ሳላይ ብኖር ይቀለኛል።"

ዶክተሯ ተናደደች መሰለኝ፤ ወይም ማልቀስ ፈልጋ ነው፤ ሁለቱ በሐኪም ፊት ላይ አይለዩም። ነገ ሌላ ሰው ይሄው በሽታ ቢይዘውና ሚስትዎ አስተኙት ብለው ቢመክሩትስ አለችው።

"ያኔ እኔው እነግራታለሁ" አለ። ወደ እኔ ደግሞ "አንተም ሰምተሃል" አለኝ። እኔ፣ ምላሴ ጤፍ ይቆላል የምባለው ሰው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ሰሌዳ እያየሁ እሺ አልኩ።

አልጋ ይዞ ተኛ። መድኃኒቱን አሁን የሚያደርጉለት ነርሶቹ ናቸው። የመጀመሪያዋ ነርስ መጥታ ብልቃጡን ጭብጥ አድርጋ ስትነቀንቀው እትዬ ኩልል ከተቀመጠችበት ተነስታ እጇን ልትይዝ ሞከረች። አተላውን አደፈረስሽው፣ ከላዩ ነው የሚቀዳው እያለች ለመነቻት። ነርሷ የሥራዋ ደንብ እንደሆነ ነግራት ጠብታውን አደረገች። ነጩ ዓይኑን ሞላው፤ እሱ ጥርሱን ነክሶ ተቀበለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይኑ ተበሳ። ከሞተ ሰው ዓይን ሽፋን ወስደው ሊጥፉለት ሞከሩ፤ ሻጋታው እሱንም በላው። በመጨረሻ ዓይኑን አወጡት። እትዬ ኩልል በዚያ ኮሪደር መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ጥላ አብራት አልቅሳለች።

እናም የደረሰችበት ፍርድ ይሄ ነበር። እኔ እያጠለልኩ ስሰጠው አላቃጠለውም፤ እነሱ አደፍርሰው በሰጡት በሳምንቱ ዓይኑ ተበሳ አለች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እሷም በዓይኗ ያየችው ይኸው ነው። ማን ይፈርድባታል?

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ጋሼ ዝምታ ሥራውን አልተወም። ማሽኑን በጆሮው ይነዳዋል፤ ጆንያውን በእግሩ ይቆጥረዋል፤ በርሜሎቹን እየዳሰሰ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆውን አሁንም ይቀዳና ወደ መስኮቱ ያነሳል፤ ፀሐይዋ ፊቱን ስታሞቀው መስኮቱ የት እንዳለ ያውቃል። "ኩልል ብሏል?" ብሎ ይጠይቃታል። እሷ "ብሏል" ትለዋለች። ድሮ ነግሯት የሚሄደውን አሁን ጠይቋት ነው የሚሄደው። እኔ ሱቄን ስከፍት ይሄን አያለሁ።

እሷ ግን ዘይት ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ታወራ ጀመር። ያቺ ነገርን ሁሉ የምታስተኛ ሴት ይሄን ማስተኛት አቃታት። ነጩን ጠብታ ከሰጧችሁ እንዳትቀበሉ፣ ግድ ከሆነም አስተኝታችሁ ከላዩ ብቻ ውሰዱ ትላለች። አተላ ነው የባሌን ዓይን የበላው ትላለች። "ያላወቁ አለቁ" ብላ ነው የምትጨርሰው። ጋሼ ዝምታ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። እኔ ከመንገዱ ማዶ ምላጭ እየሳልኩ እሰማለሁ። እውነቱ በየቀኑ አፌ ጫፍ ይደርሳል፤ በየቀኑ እሱን አይና እውጠዋለሁ። የሚሰማት ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ቃሉን የሚያፈርስ ነገር የለም ብዬ ነው። ሁለታችንም ጤነኛ ሰው ብቻ እንዲመጣ የምንጸልይ ይመስለኛል።

ታዲያ በሽታ ጸሎት ይሰማል? ከእኛ በላይ ዳገቱ ላይ ባለችው ቤት አንዲት ፍራሽ ሰፊ አለች። ገለባና ጥጥ እየሞላች ፍራሽ ትሰፋለች፤ ጡት የሚጠባ ልጅ በጀርባዋ አዝላ ነው የምትሠራው። ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ ያላት ሁለት እጅ፣ ሁለት ዓይንና መርፌዋ ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዝምታን በራሱ ደጃፍ ወንበር አውጥቼ ስላጨው፣ አንድ ዓይኗን በፋሻ ሸፍና ከሆስፒታል ስትመለስ በፊታችን አለፈች። እትዬ ኩልል ከውስጥ አየቻትና ጠራቻት። ገለባ ነው አለች ፍራሽ ሰፊዋ። ሻጋታ ነው አሉኝ አለች። ከኪሷ ብልቃጡን አወጣች፤ ነጭ፣ ወተት መሳይ።

እትዬ ኩልል ደረቷን መታች። ልጅቷን እጇን ይዛ አስገብታ አስቀመጠቻት፤ ሕፃኑን ተቀበለቻት። እግዜር ነው ወደ እኔ ያመጣሽ አለቻት። ብልቃጡን ወስዳ ያው መደርደሪያ ላይ፣ ከናሙናዎቹ መሃል አቆመችው። ንግግሯ ውስጥ ክፋት ቢኖር ኖሮ እንዴት በቀለለን ነበር። እናት ለልጇ እንደምትናገር ነው የተናገረችው።

"እህቴ፣ ይተኛ። ነጩ አተላ ነው። እስኪጠልል አትንኪው፤ ከዚያ እኔ ራሴ ከላዩ እየሳብኩ አደርግልሻለሁ። የኔን ሰውዬ ዓይን የበላው ይሄ ነው፤ ያንቺን አላስበላም።"

ምላጬ የጋሼ ዝምታ ጉሮሮ ላይ ነበር። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ በምላጩ በኩል ተሰማኝ፤ እጄን አነሳሁ። እሱ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ተነሳ። በሩን በእጁ ፈለገው፤ ገባ። ፎጣው ከትከሻው ወደቀ፤ አላነሳሁትም።

"ያን ብልቃጥ ስጪኝ" አለ።

እትዬ ኩልል ተኝቷል እኮ፣ ትነቀንቀዋለህ አለችው። እጁን እንደዘረጋ ቆመ። ሰጠችው፤ ቀስ አድርጋ፣ እንዳይናወጥ አድርጋ ነው የሰጠችው። እሱ በመዳፉ ጨበጠና ነቀነቀው። ጠንክሮ፣ ደጋግሞ ነቀነቀው። 

"እንዲህ ነው የምታደርጊው፣ ልጄ" አለ ወደ ፍራሽ ሰፊዋ ወገን። "በየሰዓቱ፤ ሁልጊዜ እየነቀነቅሽ። ነጩ ነው መድኃኒቱ።"

እትዬ ኩልል ሳቅ የመሰለ ነገር ሞከራት። ማን ነገረህ አለችው።

"መድኃኒቱን የተቀበልኩ ዕለት፣ በመስኮቱ ነገሩኝ። ሳልነግርሽ ቀረሁ።"

 ዕድሜ ልኳን ድፍርስ ነገር ሲጠልል ያየች ሴት ናት፤ ነገሩ በራሷ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ከታች ሲረጋ፣ ላይኛው እየጠራ ሲመጣ ፊቷ ላይ አየሁት። መደርደሪያውን አየች። የቀቀለችውን ሲሪንጅ እስካሁን እዚያው አስቀምጣዋለች። እጆቿን አየች።

"እና እኔ የተውኩት፣ ከታች ያለው…"

"መድኃኒቱ እሱ ነበር" አለ።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"ከዓይኔ በፊት ነው ያወቅኩት" አለ። ከዓይኑ መጥፋት በፊት ማለቱ ነው። ከዚያ እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ አየሩን ዳሰሰ፤ ትከሻዋን አገኘው። "ይተኛ" አላት። በራሷ ቃል ነው የለመናት። "እባክሽ፣ ይተኛ።"

"ይሄ አይተኛም" አለች።

አላለቀሰችም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ውሸት ነው፤ እንባ እምቢ ሲላት አየሁ። ሕፃኑን ለእናቱ መለሰች፣ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ብልቃጡን ከባሏ እጅ ወስዳ እንደገና ነቀነቀችው፣ ፍራሽ ሰፊዋን ጋደም አድርጋ ነጩን ጠብታ ጣለችላት። ልጅቷ ሲያቃጥላት ጮኸች። እትዬ ኩልል ግንባሯን ይዛ "ያቃጥል፣ ያቃጥልሽ" አለቻት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሻላት ድረስ ዘይት ቤቱን በየሰዓቱ እየዘጋች ዳገቱን ወጥታ ጠብታውን ያደረገችላት እሷ ናት። ብልቃጡን መንገድ ሙሉ እየነቀነቀች ነው የምትወጣው፤ ልጆች አይተው ይስቁባት ነበር። ፍራሽ ሰፊዋ ዳነች። ዓይኗ ላይ ትንሽ ነጭ ጠባሳ ቀርቶባታል እንጂ መርፌዋ ላይ ክር ያለ ሰው እርዳታ ትሰካለች። ለእትዬ ኩልል ፍራሽ ሰፍታ አመጣችላት። እትዬ ኩልል አመስግና ተቀበለችና ለባሏ አነጠፈችለት፤ እሷ በአሮጌው ላይ ናት።

"ይተኛ" የሚለው ቃል ከዚያ ቤት ጠፍቷል። ዘይቱ ያው እንደ ጥንቱ በየበርሜሉ ይጠልላል፤ ደንበኛ ደረሰ ወይ ሲላት "ገና ነው" ትላለች እንጂ ያቺን ቃል አታወጣትም። ጋሼ ዝምታ ጠዋት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ "ኩልል ብሏል?" ሲላት ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ "አንተ ካልክ" ትለዋለች።

ባለፈው የጋሼ ዝምታን ፂም ልላጭ ሄጄ ሳለሁ ውሃ ጠማኝ አላት። ከጋኑ ቀድታ አመጣችለት። እጁ ላይ ከማስቀመጧ በፊት ኩባያውን በመዳፏ ከድና ነቀነቀችው። ደጋግማ ነቀነቀችው። የምትሰጠውን ነገር ሁሉ እንዲህ ነቅንቃ ነው የምትሰጠው፤ ሻዩንም፣ ወተቱንም፣ ተራ ውሃውንም። ኩባያው ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ እሱ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ጠበቀ። ከዚያ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ጠጣላት።